የኋላው በርሜል

በርሜሉን ባዶ ያስደረግሁት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ተናገርኩት። አሁን ስለ ማንጎ እናውራ።

ኢቲዳል እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ዘንድሮ እናንተ ሠፈር ማንጎው ያዘ? እኛ ጓሮ ያለውን ነፋስ መታውና አበባውን አራገፈው፤ ሁለቱን ዛፍ አንድ ላይ ብታራግፊያቸው አንድ ሰፌድ አይሞሉም። ሙቀቱንማ አታንሺው። ከቢሮ ስወጣ ከአንዱ ዛፍ ጥላ ወደ ሌላው ጥላ እየሮጥኩ ነው ቤቴ የምደርሰው፤ ያየኝ ሰው ውሻ ያባረረኝ ይመስለዋል።

ባለፈው ቅዳሜ በገበያው መንገድ አየሁሽ። የመሸከሚያ እንጨትሽን ትከሻሽ ላይ አጋድመሽ፣ ከፊት አንድ ቅርጫት አሸዋ፣ ከኋላም አንድ ቅርጫት አሸዋ አንጠልጥለሽ ነበር። ሰላም ስልሽ ሸክምሽን ሳታወርጂ ቆምሽ፤ ቆመሽም ስለ ጤናዬ ጠየቅሽኝ። እኔማ ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?

ያቺን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር «እኔ» ብዬ ጻፍኳት። ከዚያ በላይ «እኔ» እያልኩ መቀጠል አልሆነልኝም። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ፤ «እኔ» ባልኩ ቁጥር ብዕሩ ራሱ ሰበብ እየፈለገ አስቸገረኝ። ስለዚህ ስለ አንዲት ሴት ላውጋሽ። ስሟን አልጠራም፤ አንቺ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ፣ እኔም እንደምታውቂ አውቃለሁ። እንዲያው የተከበረን ሰው ስም በየወረቀቱ ማንሳት ደስ አይለኝም…

ይህች ሴት፣ ምን ልበልሽ፣ የተመረጠች ሴት ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። በዚያ ላይ የጽሕፈት ሥራ ኮርስ ወስዳለች፤ ስድስት ወር ሙሉ። ሠፈራው እንደተመሠረተ ከደሴ ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪነት መጣች። ደርግ ወድቆ ክልሉ አዲስ ሲቋቋም ደግሞ ወደ ቢሮ ገባች። ቢሮው ያኔ አንድ የጽሕፈት መኪና ነበረው፤ እሱም ፊደል የሚዘልል ነበርና የአዲሱ ክልል ደብዳቤ በእሷ እጅ ይጻፍ ተባለ። የእጅ ጽሑፏን ታውቂዋለሽ አይደል? ፊደሉ እንደ ወታደር የተሰለፈ። ያንን ጽሑፍ እያዩ አለቆቹ ሲያደንቁ፣ ቀስ በቀስ ክልሉን የመሠረተችው እሷ መስሏት ነበር። አይፈረድባትም። ማኅተሙ የሚያርፈው እሷ ከጻፈችው ሥር አልነበር?

አንቺንም ማንበብ ያስተማረችሽ እሷ ናት፤ ይኸን አልነፍጋትም። ይህን ደብዳቤ ያለ አንባቢ ርዳታ የምታነቢው በእሷ ድካም ነው። እንዲህ ያለች ደግ ሴት፣ አንድ ቀን የሚነበብባት እንደሚመጣ እያወቀች ፊደል አስቆጠረችሽ…

ሚፍታህ «ኡስታዛ» ይላታል፣ መምህሬ እንደማለት። ባልሽ ለሰው ማዕረግ መስጠት ያውቅበታል።

ትራክተሯ የማን እንደነበረች ታስታውሻለሽ። የሠፈራው የእርሻ ጣቢያ ሲዘጋ ትላልቆቹ በየት እንደሄዱ ሳይታወቅ ሄዱ፤ አንዲት ትንሽ ትራክተር ብቻ ሣር ውጧት ቀረች። ሚፍታህ በጣቢያው ግሪስ ቀቢ ነበር። እጁ ግሪስ ሲቀባ ዐይኑ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ሞተሩን ሲፈቱም ሲገጥሙም አይቶ ይዞታል። በሰባት ወሩ አስነሳት። ሰው ሁሉ ሞፈር ይገጥምላታል ሲል እሱ ፊቷ ላይ እጅ ልሥራላት አለ፤ አፈር የሚያፍስ፣ አሸዋ የሚያነሳ እጅ።

ከኩርሙክ መንገድ ዳር ወድቆ ከቀረ ገልባጭ መኪና ትልቁን ፒስተን ፈታ። ከዚያው መኪና ሻንሲ ሁለት ክንድ ቆረጠ። በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ አካፋ አደረገው፤ ለአካፋውም ከንፈር የከባድ መኪና ባሌስትራ በየደበት። ፒስተኑ ክንዶቹን ያነሳል እንጂ አካፋውን መድፋት አይችልም ነበር። ለዚህ ደግሞ መቀርቀሪያ ሠርቶ ገመድ አሰረበት። ገመዱን ሲስበው መቀርቀሪያው ይለቅና አካፋው አፉን ወደፊት ይደፋል። የመጀመሪያ ሙከራ ዕለት ሴትዮዋ ለማየት ቀረብ ብላ ቆማ ነበርና ሙሉ አካፋ ቀይ አፈር ጫማዋ ላይ ተዘረገፈ። ነጭ ጫማ ነበር።

«ኡስታዛ፣ አንተ ሩቅ ቁም» አላት ሚፍታህ፣ ሳቁን እየዋጠ፤ በእሱ አማርኛ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው።

እንዴት ያለ ምክር ነበር… ሰምታው ቢሆን።

ለማን ብሎ እንደሠራው እኔ ልነግርሽ አያስፈልግም። ሐምሌ በገባ ቁጥር መንገዱን ጎርፍ ይቆርጠዋል፤ አፈር የምትሞሉት እናንተ ሴቶቹ ናችሁ። ወንዙ ዳር ያለውን አሸዋ ወደ ግንባታው የምታመላልሱትም እናንተው ናችሁ። «ኢቲዳል ትከሻ ቆዳው እንደ ጫማ ሆኗል» ብሎ ነግሯታል፣ በጆሮዋ ሰምታለች። በጽሑፍ ግን አላሰፈረችውም፤ ለመመሪያ አይሆንማ።

አዎ፣ መመሪያ ጽፋለች። አዲስ ክልል ነዋ፤ ያለ ወረቀት ምን ይንቀሳቀሳል? ሚፍታህ በማሽኑ እንዲሠራ ፈቃድ ሲጠይቅ የአሠራር መመሪያ አምጣ ተባለ። ሴትዮዋም ደግ ናትና በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ እሱ ከሚበይድበት ዳስ እየሄደች፣ ጣሳ ደፍታ ተቀምጣ፣ እሱ ሲናገር እሷ ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን በርሜሉ ጋ ደረሱ። በትራክተሯ ጀርባ በሰንሰለት የታሰረውን፣ ድንጋይ የሞላውን በርሜል ማለቴ ነው።

«ይኸ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ኡስታዛ፣ ኢቲዳል አሸዋ ሲሸከም አይተህ ታውቃለህ?»

«ስትሸከም» ብላ አረመችው።

«ስትሸከም። ፊት አንድ ቅርጫት አለ። ፊት ብቻ ከሆነ ኢቲዳል ይወድቃል። ኋላም ቅርጫት አለ፣ ከዚያ ይሄዳል። ይቺ በርሜል የኋላ ቅርጫት ነው። ድንጋይ ከሌለ አካፋ ማንሳት ሐራም ነው፣ እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ጻፈች። ልቅም አድርጋ ጻፈች። «ተራ ቁጥር አራት፦ ከኋላ የታሰረው በርሜል በድንጋይ ሳይሞላ የፊቱን አካፋ ከነጭነቱ ማንሳት በፍጹም የተከለከለ ነው።» በማስመሪያ፣ በቀይ ብዕር ሥሩን አሰመረችበት። እንግዲህ አልገባትም እንዳልል የገዛ እጇ መስክሮባታል። የዚህ አገር ሴት ልጅ ሰባት ዓመት ሳይሞላት በትከሻዋ የምታውቀውን ነገር እሷ በአርባ ዓመቷ በወረቀት አወቀችው። ልዩነቱ ኋላ ታየ።

በሰማንያ ስምንት ጥር ላይ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የክልሉን ሥራ ሊያዩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአገሬው ልጅ ከወዳደቀ ብረት የሠራውን ማሽን ሊያዩ። ወዲያው የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። የቢሮው ኃላፊ አቶ ይልቃል ሰብሳቢ ሆኑ፤ ሴትዮዋ የማስዋብ ንዑስ ኮሚቴ ኃላፊ ሆነች። ንዑስ ኮሚቴው ስንት አባል ነበረው አትይኝም? አንድ። ስብሰባውን ብቻዋን ጠርታ፣ ብቻዋን ተወያይታ፣ በሙሉ ድምፅ ትወስን ነበር።

የወሰነችው ምን መሰለሽ? የፊቱ አካፋ ምንም አይልም፤ የኋላው በርሜል ግን አሳፋሪ ነው። ዝጓል። ጎኑ ላይ ደግሞ የእርዳታ ዘይት ጽሑፍ አለበት። አዲስ ክልል ለእንግዳ የእርዳታ በርሜል ያሳያል? ክብር የሚባል ነገር የለም? ከባምባሲ አንለይ የሚባል የታፔላ ጸሐፊ አስመጣች። አንለይም አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብሎ አየና በርሜሉ ከትራክተሯ ጋር ተጣብቋል፣ ካልተፈታ የወዲያ ጎኑን መቀባት አልችልም አላት። ከነድንጋዩ ደግሞ ማን ፈትቶ ያንቀሳቅሰዋል?

«እንግዲያው አውጣው» አለችው።

አወጣው። ሠላሳ አንድ ድንጋይ። እየቆጠረ ነበር የሚጥለው፣ ወገቡን ይዞ። በርሜሉን ፈትቶ አጠበው፣ ሰማያዊ ቀባው፣ በነጭ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ጻፈበት፣ ትራክተሯ ጀርባ ላይ መልሶ አሰረው። እውነቱን ልንገርሽ፣ አምሮ ነበር።

«እትዬ፣ ድንጋዩን ልመልሰው?»

«ቀለሙ ደርቋል?»

«ገና ነው።»

«ይቆይ እንግዲያው፤ ይቧጭረዋል።»

«ለምን ብለው ነው ግን ድንጋይ የሞሉት?»

እዚህ ላይ፣ ኢቲዳል፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ሴትዮዋ ረስታ አልነበረም። ተራ ቁጥር አራት ከነቀይ መስመሩ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ነገር ግን ለአንድ ቀን ምን ይሆናል አለች በልቧ። አንድ አካፋ ጠጠር አንስቶ ለሚያስቀምጥ፣ ለሩብ ሰዓት ትርኢት… ደግሞስ እሱ አንዱን ነገር አጋንኖ መናገር ይወዳል። ለአንለይ ምን ብላ መለሰችለት መሰለሽ?

«የገጠር ሰው ነው፤ ያገኘውን ይሞላል።»

አየሽ አንደበቷን? አንለይ ስቆ ዕቃውን ሰበሰበና በማግስቱ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና ወደ ባምባሲ ሄደ። ድንጋዮቹ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ተጣሉ። በርሜሉ አፍ ላይ ጣውላ ተጋደመ፤ ጣውላው ላይ በወተት ጣሳ የተተከለ አበባ ተደረደረ። ስድስት ጣሳ።

ሚፍታህን ከዋዜማው ጀምሮ ወደ ማሽኑ እንዳይጠጋ ከልክላዋለች፤ ከአጎቱ ከሱለይማን የተዋሰውን ኮት ዘይት እንዳይነካው ብላ። እንዴት ታስባለች ለሰው። በዕለቱ በእንግዶቹ መካከል አልፎ ሲመጣ ኮቱ እጅጌው አጥሮት፣ በሁለት እጁ እየጨበጠ፣ ታስታውሻለሽ። አንቺ ከሴቶቹ ጋር በስተግራ ነበርሽ። ትራክተሯ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ጀርባዋን ነው። አበባውን አየ፣ ሰማያዊውን አየ፣ ትንሽ ፈገግ አለ።

«ኡስታዛ፣ በርሜል ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ ውጣ፣ እንግዶች ቆመዋል።»

አምስት ቃል ናት፣ ቆጥሬያታለሁ። ሁለት ዓመት ስቆጥራት ከረምኩ… ከረመች ማለቴ ነው።

ሌላውን አይተሽዋል። ጠጠሩን አፈሰ፣ ክንዶቹ ተነሱ፣ ሰው አጨበጨበ። ከእንግዶቹ አንዱ ትንሽ ከፍ ማድረግ አይቻልም ወይ ብለው ጠየቁ። ሚፍታህ መልስ ፍለጋ ያየው እንግዳውን አይደለም፤ እሷን ነው። አምኗታላ። እሷም መዳፏን ወደ ሰማይ ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አደረገች። ከፍ። ከፍ።

የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ሲለቁ ቀስ ብለው ነበር፤ ሰው ከወንበር ሲነሳ ያህል። ሁሉም የማሽኑ ብልሃት መስሎት እያጨበጨበ ነበር። ከዚያ ትራክተሯ በግንባሯ ተደፋች። ሚፍታህ ወደ ጎን ሲዘል ኮቱ ያዘው። የማሽኑ ክንድ ያረፈው በግራ እግሩ ጉልበት ላይ ነው፣ ፍሪሲዮን በሚረግጥበት። በርሜሉ ሰንሰለቱን በጥሶ ተንከባለለ፤ ባዶ በርሜል ሲንከባለል የሚያሰማውን ድምፅ ታውቂዋለሽ። በዚያ ጩኸት መካከል ማንም አልሰማውም። ከአንድ ሰው በቀር።

ይህች ብልህ ሴት ከዚያ በኋላ የሠራችውን ነው እንግዲህ ማድነቅ።

አጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ። ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ? ማን ይኖራል ሌላ? አንዱ የቴክኒክ ሰው «ከኋላ ማመዛዘኛ ክብደት ነበረው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ይልቃል ወዲያው «በርሜሉ ነበረ፣ ሁላችንም በዐይናችን አይተነዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንኳን እሳቸው የአዲስ አበባ እንግዶችም አይተዋል። ሴትዮዋም ጻፈች፦ «ከኋላ የሚታሰረው በርሜል በቦታው እንደነበረ ተረጋግጧል።» ውሸት አለበት? የለበትም። እሷ ውሸት አትጽፍም። አስተዳደጓ አይፈቅድላትም። ከሥሩም «ስለሆነም አደጋው የደረሰው በሠሪው የስሌት ጉድለት መሆኑን ኮሚቴው አምኖበታል» ብላ በዚያው ባማረ ጽሑፍ ዘጋችው። የአሠራር መመሪያው ከፋይሉ ወጥቶ፣ ተራ ቁጥር አራት ከነቀይ መስመሩ እሷ ቤት፣ መዝገበ ቃላቷ ውስጥ ገባ። ቃል ሲጠፋት መዝገበ ቃላት የምትገልጥ ሴት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መግለጥ ትታ የመጣላትን ትጽፋለች።

ድንጋዮቹስ? ከአጥሩ ጀርባ ተከምረው ሰው ቢጠይቅስ? ለቢሮው ግቢ የአበባ መደብ ይሁኑ አለች። ሠላሳ አንዱም ኖራ ተቀብተው በሰንደቅ ዓላማው ዙሪያ ተደረደሩ። የመጣ ሰው ሁሉ ግቢው ጸዳ፣ ደመቀ ይላል። ለማስዋብ ንዑስ ኮሚቴው የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠው። ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ናት፤ ሌላ የሚጽፍ የለማ።

ሚፍታህ ከሆስፒታል ሲወጣ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ ቀረ። መጀመሪያ መጀመሪያ ስሌቱ ልክ ነው እያለ ይከራከር እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። ቃለ ጉባኤው ሲነበብለት ክርክሩን ተወ። የተማሩ ሰዎች ተቀምጠው ተማክረው ያሉትን እሱ በምን አፉ ይክዳል? ከዚያ በመስከረም አንድ ጠዋት በምርኩዝ እያነከሰ ወደ ቢሮዋ መጣ። ይህን ለአንቺ የነገረሽ አይመስለኝም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ እንዲህ አላት፦

«ኡስታዛ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩህ። በአላህ፣ ይቅር በል።»

ይቅር አለችው።

ደግ ናት አላልኩሽም? ቂም እንኳ አልያዘችም። ተነስታ ወንበር ሰጠችው፣ ሻይ አስመጣችለት፣ ለአቶ ይልቃል ነግራም በግቢው በር ጥበቃ አስቀጠረችው። ከተማው አወራላት። «እንዴት ያለች ሩኅሩኅ ሴት» አሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየጠዋቱ ስትመጣ ሚፍታህ የማይታጠፈውን እግሩን በእጁ እየጎተተ ከወንበሩ ይነሳና በሩን ይከፍትላታል። ድካም ሲበዛበት ነጭ ድንጋዮቹ ላይ አረፍ ይላል።

ሦስት ጊዜ ማሽኑ ይመለስልኝ፣ ላስተካክለው ብሎ አመለከተ። ሦስቴም «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ተባለ። ጽሑፉ የማን እንደሆነ አይተሽ ለይተሽው ይሆናል፤ ፊደል ያስቆጠረሽን እጅ አታጪውም። አሁን ደግሞ የቢሮው አሮጌ ንብረት ይወገድ ተብሎ ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጣል። ትራክተሯ ከነክንዷ ተቆራርጣ ለብረት ትሰጣለች ማለት ነው። ሰኞ ካለፈ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም። ሚፍታህ በር ከፋች፣ አንቺም አሸዋ ተሸካሚ እንደሆናችሁ ትቀራላችሁ፤ ያ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ከሁላችንም ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል።

ያም ሆኖ ሴትዮዋ ሰኞንም በጸጥታ ታሳልፈው ነበር። ልምዱ አላት። ያላሰበችው ነገር ግን ባለፈው ማክሰኞ መጣባት። ሚፍታህ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዞ ገባ። አዲስ ሥዕል ሠርቷል፤ ትራክተሯ፣ ክንዶቹ፣ አካፋው፣ ሁሉም ልክ እንደ ድሮው ነው። ጀርባዋ ላይ ግን ሁለት በርሜል ሥሏል።

«አንድ አልበቃም፣ ኡስታዛ። ሁለት ዓመት አሰብኩ። ጥፋቴ እሱ ነው፣ አንድ በርሜል አልበቃም። ለሰኞ ኮሚቴ አሳይልኝ።»

ልክ የነበረውን ሥራውን አፍርሶ፣ በሌለ ጥፋቱ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጦ አስቧል። ያ ሰው በእጁ ብረት ያነጋግር ነበር፤ እሷ አንድ ቃል ባለመናገሯ አእምሮውን ጠምዝዛ ሰጠችው። እግሩ አንሶ።

ወረቀቱን ተቀብላ «አሳያለሁ» አለችው። ከዚያ በሩን ዘግታ… ምን አደረገች ትያለሽ? አለቀሰች እንዳልልሽ እንባዋንም አላምነውም። ተቀምጣ የእምነት ቃሏን ጻፈች። ጽሑፉ አላማረልኝም ብላ ደግማ ጻፈችው። ሦስተኛም ጻፈችው፣ ኅዳጉ ጠማማ ስለሆነባት። ለራሷ ክስ እንኳ ኅዳግ ታስተካክላለች፣ ይገርምሻል። በአራተኛው ወደ መዝገብ ቤት ወሰደችና ከመዝገበ ቃላቷ ያወጣችውን መመሪያ አያይዛ ገቢ አስደረገች። ማኅተም አርፎበታል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሰኞ ኮሚቴው ፊት የምትቀርበው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆና አይደለም፤ አቶ ይልቃል ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ። ለአንለይም ወደ ባምባሲ መልእክት ተልኮለታል፤ ይመጣል፣ ድንጋዮቹን ራሱ ይቆጥራል። ስንት እንደሆኑ አይረሳም፣ ወገቡ ያስታውሰዋል።

ከዚህ ጋር የመመሪያውን ግልባጭ ልኬልሻለሁ። ተራ ቁጥር አራትን ለሚፍታህ አንብቢለት። አንድ በርሜል በቂ ነበር በዪው። ከእንጨትሽ የተማረው ሁሉ ልክ ነበር በዪው። እኔ ልነግረው ሞክሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት በሩን ሲከፍትልኝ ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ እሱም ምርኩዙን ተደግፎ ጠበቀኝ። «ዛሬ ይሞቃል» አልኩት። እሱም «ይሞቃል» አለኝ። ገባሁ። እንዲህ ያለች ጀግና ናት፣ ስለ እሷ ስጽፍልሽ የቆየሁት።

ሰውን ይህን ያህል ካሙት በኋላ ሳይመርቁ መለየት ነውር ነው፤ ልመርቃት።

ዕድሜ ይስጣት። ጽሑፏን አያደብዝዝባት። የሄደችበት ሁሉ እንደተመሰገነች ትኑር። ሰው ሁሉ ይመናት፣ ሳይጠይቅ ይመናት። ሁለቱንም እግሮቿን ጤና ያድርግላት፤ ጉልበቷ በፈለገችው ጊዜ ይታጠፍላት። እስክታረጅም ድረስ በየጠዋቱ ከወንበሩ ተነስቶ በር የሚከፍትላት፣ «ኡስታዛ፣ ደህና አደርክ» የሚላት ሰው ፈጣሪ አያሳጣት።

ኢቲዳል፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ። አንቺንም እሱንም በድያችኋለሁ። ይቅር በይኝ።